ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ማርስ ነው። የምጀምረው ግን ከአዋሽ ሰባት ነው፤ ጥፋቴ የተጀመረው እዚያ ነውና።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር አዋሽ ፈንታሌና አካባቢው በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናጥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎት ከመሬት እየተፈናጠረ ሲወጣ የሚያሳየው ቪዲዮ በየስልኩ ዞረ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ወጣ። በዚያው ሰሞን "ዛሬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋናው ይመጣል" የሚል መልእክት ደረሰኝ። ማን እንደጻፈው አላውቅም፣ አልጠየቅሁምም። አዋሽ ሰባት ለምትኖረው አክስቴ አስተላለፍኩት።

አክስቴ ጉልት ቸርቻሪ ናት። በዚያው ምሽት ልጆቿን ይዛ፣ ተበድራ የመኪና ከፍላ ወደ አዳማ ወጣች። በዘጠኝ ሰዓት የመጣ ነገር አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ስትመለስ ለገበያ የገዛችው ቲማቲም በስብሶ ጠበቃት። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ሰዓት አስቀድሞ የሚነግር ሳይንስ እስካሁን እንደሌለ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው።

ከወራት በኋላ ወደ ሰመራ ስጓዝ አክስቴ ዘንድ ወረድኩ። ቡና አፈላች፤ አልወቀሰችኝም። ስሸኛት ብቻ "ልጄ፣ ያን ነገር ማን ነበር የነገረህ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ገዋኔን፣ ሚሌንና ሎግያን አልፈን ሰመራ እስክንገባ ጥያቄዋ አብሮኝ ሄደ።

ሰመራ ማታ ቤት ውስጥ አይተኛም። እህቴ አልጋዎቹን ግቢ አወጣች። ሰማዩ በኮከብ ተሞልቷል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ "አጎቴ፣ ማርስ ላይ ሕይወት ያለ ይመስልሃል?" አለኝ።

እኔም አወቅሁ ባይ ነኝና "ዳሎል ላይ ተገኝቷል እኮ! እዚያ ከተገኘ ማርስ ላይ የማይገኝበት ምክንያት የለም" አልኩት።

ነገሩ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እዚሁ አፋር ክልል በስተሰሜን ያለው ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ስፍራ ነው። ከሥር ያለው የእሳተ ገሞራ ሙቀት ውሃውን በጨውና በአሲድ አጥግቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎቹ ከመኪና ባትሪ አሲድ ይብሳሉ። የአንዳንዱ ሙቀት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ያልፋል። ማርስም ጥንት እሳተ ገሞራና ውሃ፣ ጨውና አሲድ የነበረባት ዓለም ስለሆነች፣ ሕይወት የት ድረስ ሊዘልቅ እንደሚችል ለማወቅ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ወደ ዳሎል ይመላለሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ግንቦት ላይ ከስፔን የመጣ የምርምር ቡድን ከዳሎል የጨው ጭስ ማውጫዎች በተወሰደ ናሙና ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት ማግኘቱን አሳተመ። እኔ የያዝኩት የዚህን ርዕስ ነበር። ልጁ ግን ስልኩን አውጥቶ "አጎቴ፣ የጥቅምቱንስ አንብበሃል?" አለኝ። አላነበብኩም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከል በምትሠራው በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ የተመራ ሌላ ቡድን ውጤቱን አወጣ። በ2016፣ በ2017ና በ2018 ብዙ ናሙና ወስደው በተለያዩ ዘዴዎች መርምረዋል። በዙሪያው ባለው የጨው ሜዳ አርኬያ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት በብዙ ዓይነት አገኙ። በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ሙቅ ኩሬዎች፣ እንዲሁም በማግኒዥየም በተሞሉት ሐይቆች ግን የሚኖር ነገር አላገኙም። ጥቂት የዘረመል ቅሪት ቢታይም ነፋስ ከሜዳው ያመጣው ወይም ጎብኚ ይዞት የመጣ ሊሆን እንደሚችል ገለጹ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ልክ ሕዋስ የሚመስሉ ድብልብል ነገሮችም ነበሩ፤ ሲመረመሩ በሲሊካ የበለጸጉ የማዕድን ቅንጣቶች ሆነው ተገኙ። ውሃ ባለበት ሁሉ ሕይወት አለ ማለት እንዳልሆነ፣ ሕይወት የሚመስል ሁሉም ሕይወት እንዳልሆነ ያስተማረው የኛው ዳሎል ነው።

አጠገባችን የተቀመጡት ጎረቤት፣ የአፋር አዛውንት፣ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው ተቆጡ። "እዚያ እኮ ሰው ጨው ይቆርጣል፣ ግመል ይጭናል። ሕይወት የለም የምትሉት እንዴት ነው?" አሉ። እውነት አላቸው፤ አገራቸው "ሌላ ፕላኔት" እየተባለ ሲጠራ ሰዉ ይረሳል። ልጁ በአክብሮት "አባባ፣ ኩሬዎቹን ብቻ ነው" ብሎ አስረዳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ግን ቅድም የነገርከው፣ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?"

ዳጉን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ የት ምን ሆነ። ያየውን እንዳየ፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ለይቶ ይናገራል። ውሸት ያወራ ሰው ይጠየቃል፣ ክብሩንም ያጣል፤ በሐሰት ወሬ መንጋውን ወደ ደረቅ መሬት የነዳ ሰው ከብቱ ያልቅበታልና።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የማርስን ዜናዎች በዳጉ ሚዛን አየኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የናሳ ተመራማሪዎች አንታርክቲካ ላይ ከተገኘ የማርስ ድንጋይ ውስጥ የጥቃቅን ሕይወት ቅሪት የሚመስል ነገር አየን ሲሉ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሳይቀሩ መግለጫ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ባለሙያዎች ያለ ሕይወትም ሊፈጠር የሚችል ነው ብለው አልተቀበሉትም። በ2025 መስከረም ናሳ ፐርሲቨራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ ጥንት ወንዝ በፈሰሰበት ሸለቆ ዥጉርጉር ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ እንዳገኘች ሲያስታውቅ፣ ቃሉ "የሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል" ነበር። ናሙናው ገና ማርስ ላይ ነው። በየቻናሉ የደረሰን ግን "ማርስ ላይ ሕይወት ተገኘ" ተብሎ ነው። "ሊሆን የሚችል" የሚለው መንገድ ላይ ወደቀ።

"ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?" የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ማርስን "ተገኘ" ብሎ ያወራው አፌና ለአክስቴ መልእክቱን የላከው ጣቴ የአንድ ሰው መሆናቸውን አልረሳም። ስለ ማርስ ብሳሳት ቲማቲም አይበሰብስም። ልማዱ ግን አንድ ነው።

ጠዋት ለአክስቴ ደወልኩ። "ያን ጊዜ ለጠየቅሽኝ፣ አላየሁም፤ ከማን እንደመጣም አላውቅም ነበር" አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና "ታዲያ እንደዚያው ብለህ ብትልክልኝ ኖሮ፣ መሄድና መቅረቱን እኔው እወስን ነበር" አለችኝ።