ዋናውና ግልባጩ

ሰው ያረጃል፤ ሰው የሠራውም ሥራ እንደዚሁ ያረጃል። ሰው ግን ሲያረጅ ሕመሙን በአንደበቱ ይናገራል፤ ሕንፃ ሕመሙን የሚናገረው በስንጥቁ ብቻ ነው። ስንጥቁን ቀርቦ የሚያይለት፣ አይቶም የሚመዘግብለት ሰው ካላገኘ ሳይሰማ ይወድቃል። በዘመናችን ይህን ሕመም የሚመዘግብ አንድ ጥበብ ተገኝቷልና፣ ስለ እርሱ ያሰብሁትን ለአንባቢዎች ለማካፈል እወዳለሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ጥበቡ እንዲህ ነው። ባለሙያዎች በሦስት እግር የሚቆም መሣሪያ በሕንፃው ውስጥና ዙሪያ እያዘዋወሩ ይተክላሉ። መሣሪያው የሌዘር ጨረር ይልካል፤ ጨረሩም ግድግዳውን ነክቶ ሲመለስ ርቀቱን ይለካል። ይህ ልክ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም፣ ከነጥቦቹ ብዛት የሕንፃው መልክ በኮምፒዩተር ላይ ይቀረፃል፤ ፎቶግራፍም ይለበስበታል። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው በቤቱ ተቀምጦ በበሩ ሊገባ፣ በአዕማዱ መካከል ሊመላለስ፣ ቀና ብሎም ጣሪያውን ሊመለከት ይችላል። ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ቢለካ ደግሞ፣ ሁለቱን ልኮች በማስተያየት የትኛው ስንጥቅ እንደ ሰፋ ማወቅ ይቻላል።

እኔ የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ውስጥ ስለ ሆነ፣ ይህን ነገር የምመዝነው በሙያዬ ሚዛን ነው። በእኛ ዘንድ ዋናው ጽሑፍ አለ፤ ግልባጭም አለ። ግልባጩ ከዋናው ጋር ተመሳክሮ ትክክል መሆኑ በማኅተም ሲረጋገጥ ለብዙ ጉዳይ ይበቃል፤ ዋናው ቢቃጠል ወይም ቢጠፋም የባለጉዳዩን መብት ያድናል። ይሁን እንጂ ግልባጭ አለና ዋናውን አይጥ ይብላው የሚል መዝገብ ያዥ ከቶ አይገኝም።

ግልባጭ ዋናውን ሲታደግ በፓሪስ ታይቷል። አንድሩ ታሎን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ የኖትር ዳም ካቴድራልን በ2010 ገደማ በሌዘር ለክተው ነበር። እርሳቸው በ2018 ዐረፉ፤ ካቴድራሉም በሚያዝያ 15 ቀን 2019 ጣሪያውና ረጅሙ ጉልላቱ በእሳት ወደመ። ሊቁ ትተውት ያለፉት ልክ ለጠጋኞቹ ረዳት ሆናቸው፤ ካቴድራሉም በታኅሣሥ ወር 2024 ዳግመኛ ተከፈተ።

የእኛስ ነገር እንዴት ነው? ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የደቡብ አፍሪካ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችም ዛማኒ በተባለው ሥራቸው በሌዘር ለክተዋቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ላሊበላን በምስል መዞር ይቻላል። ዐለቱ ግን ዝናም ሲጠጣና ፀሐይ ሲያደርቀው እየተሰነጠቀ ነው። በ1950ዎቹ አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ውሃ እንዳያስገቡ በሬንጅና በቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ኢጣሊያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመሯቸው ባለሙያዎች ያንን ቅብ ለማስለቀቅ ዓመታት ደከሙ። በ2008 ለጊዜው ተብለው ግዙፍ የብረት ዳሶች ተተከሉ፤ በ2018 ግን የከተማው ሕዝብ ዳሶቹ ራሳቸው አደጋ እንዳይሆኑ በመስጋት አደባባይ ወጣ። በመጋቢት 2019 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ስፍራውን ጎብኝተው ለጥገናው አገራቸው እንደምትረዳ ቃል ገቡ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ጥገና በበጎ አሳብ ቢጀመርም ሌላ ጥገና የሚያስፈልገው ሊሆን እንደሚችል ነው። በምስል የመዘዋወር ጥበብ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዳስ ከመተከሉ ወይም ከመነሣቱ በፊት፣ ዐለት ከመነካቱ በፊት፣ የታሰበው ሥራ በምስሉ ላይ ተሠርቶ ሊታይ ይችላል። በምስል ላይ የቆመ ምሰሶ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ በአንድ ጣት ይነሣል፤ በዐለት ላይ የተተከለው ግን ጠባሳውን ትቶ ይነሣል።

ታዲያ ምስሉን ማን ይየው? መሐንዲሶች ብቻ አይበቁም እላለሁ። አያቴ በወጣትነታቸው ለገና በዓል ስንቃቸውን ተሸክመው በእግራቸው ላሊበላ ሄደው ተሳልመዋል። ዛሬ ጉልበታቸው ስለ ደከመ ምስሉን በኮምፒዩተር አሳየኋቸው። ከበሩ ስንደርስ ነጠላቸውን አጣፍተው አማተቡ። ከዚያም ከጨለማ ወደ ብርሃን የመውጣት ምሳሌ ነው ወደሚባለው ዋሻ ገባን። አያቴ ጥቂት ተመልክተው፣ «አይ ልጄ፣ ይኸስ ብርሃን ነው። እኛ ያለፍነው ግድግዳውን በእጃችን እየዳሰስን፣ የፊተኛይቱን ሴት ቀሚስ ይዘን ነበር» አሉኝ።

መሣሪያው የዋሻውን ርዝመትና ስፋት በትክክል ለክቷል። ጨለማውን ግን አልለካም፤ መለኪያም የለውም። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ፣ ለጎብኚ ምቾት ሲል በዋሻው ውስጥ መብራት ቢተክል መልካም የሠራ ይመስለዋል። ስለዚህ ምስሉ በካህናቱና በከተማው ሽማግሌዎች ፊት ይዘርጋ፤ ተሳላሚውም ይጠየቅ። «እዚህ ላይ ጎድሏል» የሚል ቃል ከእነርሱ ሲወጣ፣ እርሱም ከልኩ ጋር በመዝገብ ይግባ።

ደግሞም ግልባጩ በባዕድ አገር ብቻ ተቀምጦ መቅረት የለበትም። በእኛው ቤተ መዛግብት ይቀመጥ፤ ልጆቻችንም መሣሪያውን መትከልና ልኩን ማንበብ ይማሩ፤ በየጥቂት ዓመቱም ሥራው ይታደስ። ይህ ከተደረገ፣ አያቴን የመሰሉ አቅም ያጡ ሁሉ በምስሉ ይጽናናሉ፤ እግር ያላቸውም ወደ ዋናው ይሄዳሉ። ዋናው ቆሞ ይቆያቸው ዘንድ መትጋት ደግሞ የእኛ የዛሬዎቹ ፈንታ ነው።