ፕሪንተሩን አታሳርፉት

በብዙዎቻችን ቤት ውድ ዕቃ የሚከበረው ባለመነካቱ ነው። ጥሩዎቹ ብርጭቆዎች ቡፌ ውስጥ እንግዳ ይጠብቃሉ፤ አዲሱ ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ይከርማል፤ ፕሪንተሩም ዳንቴል ለብሶ ጥግ ይይዛል። ብርጭቆና ብርድ ልብስ ቢቀመጡ ምንም አይሆኑም። በፈሳሽ ቀለም የሚሠራ ፕሪንተር ግን ከሥራ ይልቅ እረፍት ይጎዳዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የቤት ፕሪንተር ቀለም አብዛኛው ውሃ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚረጨው «ሄድ» የሚባለው ክፍል ሲሆን፣ ከሥሩ ከፀጉር ዘለላ የቀጠኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። ማሽኑ ለሳምንታት ሲቆም ውሃው ይተንና ቀለሙ ቀዳዳው አፍ ላይ ይደርቃል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ የበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል።

ይህን ጉዳይ በቁም ነገር እንድይዘው ያደረገችኝ እናቴ ናት። እናቴ ደሴ ከእህቴ ጋር ትኖራለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ስም እየጠፋባት፣ አንዳንዴም ፊት እየተምታታባት ነው። ስልክ ላይ የምንልክላት ፎቶ በጣቷ ስትነካው ይሰወርባታል። ስለዚህ በየወሩ የቤተሰቡን ፎቶ አትሜ፣ ከሥሩ ስም በትልቁ ጽፌ እልክላታለሁ። እህቴ አልጋዋ ፊት ለፊት ትለጥፍላታለች። ጠዋት ቡና እስኪፈላ እናቴ በጣቷ እየጠቆመች ስማችንን ትጠራለች።

ባለፈው ጥር ለሐኪም ቀጠሮ እኛ ዘንድ መጥታ ነበር። እኔ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስመላለስ ስለከረምኩ ፕሪንተሩ ሁለት ወር አልተነሳም ነበር። ከፍቼ የልጄን ፎቶ ሳትም ቀዩ ቀለም ጠፍቶ ፊቷ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። እናቴ ወረቀቱን አንስታ ረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ «ሕፃኗን አሟት ነው የደበቃችሁኝ?» አለችኝ። ልጄ አጠገቧ ተቀምጣ ፓስታ ትበላ ነበር።

የደወልኩለት ጠጋኝ፣ «አዲስ ብትገዢ ይሻልሻል» አለኝ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ምክሩ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ብዙ ፕሪንተር የሚሸጠው እንደ ምላጭ ነው፤ መያዣው ይረክሳል፣ ትርፉ ቶሎ ቶሎ ከሚተካው ነው። ቀለሙ የማሽኑን ዋጋ ሲጠጋ ሰው መጠገኑን ይተዋል። የተዘጋ ሄድ ግን ሁልጊዜ የሞተ ሄድ አይደለም። የደረቀ ነገር ብዙውን ጊዜ መራስ ብቻ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ከፕሪንተሩ ሜኑ «ኖዝል ቼክ» የሚለውን አዝዛችሁ አንድ ገጽ አትሙ። በአራቱም ቀለም መስመሮች ይወጣሉ። መስመሩ የተቆራረጠው ቀለም የተዘጋው ነው። ቀጥሎ «ሄድ ክሊኒንግ» የሚለውን አንድ ጊዜ እዘዙና እንደገና ፈትሹ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞከራችሁ በኋላ አቁሙ። ማሽኑ ራሱን የሚያጸዳው ቀለም በኃይል ስቦ በማስወጣት ስለሆነ፣ በየሙከራው የምትከፍሉበት ቀለም ወደ ውስጠኛው የቆሻሻ ስፖንጅ ይሄዳል። ይልቁንስ አጥፍታችሁ አሳድሩት። አዲስ የመጣው ቀለም የደረቀውን ለማሟሟት ጊዜ ይፈልጋል።

ካደረም በኋላ ካልከፈተ የሄዱን ዓይነት ተመልከቱ። በአንዳንዱ ፕሪንተር ሄዱ ከካርትሪጁ ጋር ተያይዞ ይወጣል። እንዲህ ከሆነ፣ ብናኝ የማይለቅ ንጹህ ጨርቅ ለብ ባለ ዲስትልድ ውሃ አርሳችሁ የካርትሪጁን አፍ ለጥቂት ደቂቃ አሳርፉበት። ጨርቁ ላይ የቀለም አሻራ ሲታተም መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው። ወርቃማዎቹን የኤሌክትሪክ መገናኛዎች ግን አታርጥቡ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ማዕድን ይተዋል፤ ሶፍት ብናኝ ይለቃል፤ መርፌ ደግሞ ቀዳዳውን ያበላሻል።

የእኔ ፕሪንተር ሄዱ የማይወጣ፣ ቀለም በጋን የሚሞላ ዓይነት ነው። ሁለት ጊዜ አጽድቼ አሳደርኩት። ጠዋት አሁንም ሦስት ቦታ ክፍተት ነበር። ሄዱ ወደ መሃል ሲመጣ ሶኬቱን ነቅዬ ቀስ ብዬ ገፋሁትና፣ ሥራ ሲያቆም የሚያርፍባት ትንሽ ስፖንጅ ላይ ጥቂት ጠብታ ዲስትልድ ውሃ አደረግሁ። ሄዱን መልሼ ለአንድ ሌሊት ተውኩት። በማግስቱ መስመሮቹ ሞልተው ወጡ። እናቴ አዲሱን ፎቶ አይታ «ተሽሏታል» አለች። እኔም «አዎ እማዬ፣ ተሽሏታል» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሁለት ልማድ አለው። አንደኛው፣ ፕሪንተሩን በራሱ ማጥፊያ እናጠፋለን እንጂ ዲቫይደሩን አንነቅልም። በማጥፊያው ሲጠፋ ሄዱ ወደ ማረፊያው ተመልሶ አፉን ይከድናል። መብራት በመሃል ከሄደም፣ ሲመለስ አብርተን በደንቡ እናጠፋዋለን። ሁለተኛው፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሁሉም ቀለም ያለበት አንድ ገጽ እናትማለን። በሳምንት አንድ ገጽ የሚፈጀው ቀለም ለጽዳት ከሚባክነው በብዙ ያንሳል።

ፎቶውን የምትመርጠው ልጄ ናት። አሁን መጻፍ ስለምትችል ከሥሩ ስሟን በእጇ ትጽፋለች፤ ፊደሎቹም ከሳምንት ሳምንት እየተስተካከሉ ነው። ወር ሲሞላ አራቱን ገጾች በአንድ ፖስታ አድርገን ወደ ደሴ እንልካለን።