የትሮምቦን ኖታ ፍለጋ በቶኪዮ

ቶኪዮ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ፈጣን ባቡር፣ ሱሺ፣ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች፣ ልጆች ላሏችሁ ደግሞ ዲዝኒላንድ። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጃዝ ከተማዋ ቶኪዮ ነው፤ በተለይም ከአገራቸው ውጭ ብዙ ሰው ስለማያውቃቸው ትሮምቦን ተጫዋቾች።

ሂሮሺ ሱዙኪን ላስተዋውቃችሁ። ቅጽል ስሙ “ኔኮ” ነው፤ በጃፓንኛ ድመት ማለት ነው። ኑሮውን በአሜሪካዋ ላስ ቬጋስ ካደረገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 አገሩ ብቅ ባለበት ወቅት ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ስቱዲዮ ገብቶ “ካት” የተሰኘውን አልበም ቀረጸ። “ሮማንስ” የሚለውን ስትሰሙ ትሮምቦን የሰልፍ መሣሪያ መሆኑን ትረሳላችሁ። ቀስ ብሎ የልቡን የሚያጫውታችሁ ሰው ይመስላል። በአልበሙ ላይ ድራም የተጫወተው አኪራ ኢሺካዋም ለእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 “ኡጋንዳ” የሚል አልበም ሠርቷል። ሱዙኪን ከወደዳችሁት ቀጥላችሁ ሺገሃሩ ሙካይን ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው “ሞርኒንግ ፍላይት” ለረጅም የመኪና ጉዞ ይመቻል።

“ሮማንስ”ን ለአባቴ አሰማኋቸው። በወጣትነታቸው ማርሽ ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ይነፉ ነበር። አሁን ጆሯቸው እየደከመ ነው፤ ከስልክም ሆነ ከቴፕ የሚወጣ ሙዚቃ ይደበላለቅባቸዋል። ዓይናቸው ግን ኖታ ያነባል፣ ትሮምቦኑም አልጋቸው ሥር አለ። “ኖታውን አምጣልኝ፤ እየነፋሁ ልስማው” አሉኝ። መሥሪያ ቤቴ ለስብሰባ ቶኪዮ ሲልከኝ ከዓመት ፈቃዴ ሦስት ቀን ጨምሬ ቆየሁ።

ፍለጋው የሚጀመረው ኦቻኖሚዙ ከሚባለው ባቡር ጣቢያ ነው። ከጣቢያው ወጥታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ መንገዱ ግራና ቀኝ በሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች የተሞላ ነው። አንዱ ጊታር ብቻ፣ ሌላው የትንፋሽ መሣሪያ ብቻ ይሸጣል። እዚያው አካባቢ ዲስክ ዩኒየን የተባለው ድርጅት ለጃዝ ብቻ የከፈተው የሸክላ መደብር አለ። የድሮ ሸክላዎች እንደ አዲስ ተጠብቀው ተደርድረዋል፤ በሽፋናቸው ጎን “ኦቢ” የሚባል የወረቀት መቀነት ይታሰርባቸዋል። መቀነቱ ያልጠፋበት ሸክላ ዋጋው ከፍ ይላል። ትንሽ ወረድ ስትሉ ጂምቦቾ የሚባለው የአሮጌ መጻሕፍት ሠፈር ይቀበላችኋል።

ኖታ ሞልቷል። የጃፓን ትምህርት ቤቶች የትንፋሽ ባንድ ባህል ጠንካራ ስለሆነ ለተማሪዎች የታተመው ብቻ መደርደሪያ ሙሉ ነው። የሱዙኪን ግን በገባሁባቸው ሱቆች ሁሉ አጣሁት። ምክንያቱ ከጃዝ አሠራር ይመጣል። በጃዝ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ዋናው ዜማ ነው፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የቀረውን ተጫዋቹ እዚያው እየፈጠረ ይነፋዋል። ለሽያጭ የሚቀርበው ሸክላው ነው፤ ያቺ ገጽ ከስቱዲዮ ሳትወጣ ልትቀር ትችላለች።

አንድ አዛውንት ሻጭ በስልኬ አስተርጓሚ እየታገዝን ጉዳዩን ሲረዱ ፈገግ ብለው ጆሯቸውን ነኩና “ሚሚኮፒ” አሉኝ። “ሚሚ” ጆሮ ነው፤ “ኮፒ”ን ታውቁታላችሁ። እየሰሙ ወደ ኖታ መገልበጥ ማለት ነው። አባቴ ድሮ ይህን ያደርጉ ነበር፤ ዛሬ የከዳቸው ግን ያው ጆሯቸው ነው። ስለዚህ ሥራው ወደ እኔ መጣ። ባዶ የኖታ ደብተር ገዝቼ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ገጽ “ጃዝ ኪሳ” ውስጥ ጀመርኩት። ጃዝ ኪሳ ሰው ቡና ይዞ ሸክላ የሚያዳምጥበት ቤት ነው። ከውጭ የሚገባ ሸክላ ለብዙ ሰው ኪስ በማይቀመስበት ዘመን፣ በአንድ ስኒ ዋጋ ጃዝ የሚሰማው እዚህ ነበር። ዮኮሃማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1933 የተከፈተው ቺጉሳ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ቶኪዮ ዮትሱያ ያለው ኢግል ደግሞ ከ1967 ጀምሮ ይሠራል። ወሬ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ በአንዳንዶቹ ጭራሽ አይፈቀድም። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ተራ በተራ ብትገቡ ይሻላል።

መሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ምክር፦ የአርቲስቱን ስም በጃፓንኛ ፊደል ስልካችሁ ላይ ያዙ፤ በድምፅ ብትጠሩት ላይግባቡ ይችላሉ። ሸክላ ከገዛችሁ ከእጅ ሻንጣችሁ አትለዩት። ከልጆቻችሁ የትንፋሽ መሣሪያ የሚማር ካለ ኦቻኖሚዙን በግማሽ ቀን አትጨርሱትም። ቶኪዮ መሄድ ለማትችሉም “ሚሚኮፒ” ቤታችሁ ይሠራል፦ ሙዚቃ የሚያዘገይ የስልክ መተግበሪያ፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃሉ።

እኛ ቤት እሑድ ከሰዓት የኖታ ጊዜ ሆኗል። እኔ ሰምቼ እጽፋለሁ፣ አባቴ ነፍተው ያርማሉ። “ይኼ ድምፅ እዚህ አይቀመጥም፤ እንደገና ስማው” ይሉኛል፣ መልሼ ስሰማው ልክ ናቸው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሰናል፤ ሶሎው ገና ነው።