ጩኸቱን ያጠፋነው እኛ ነን

የትምህርት ቤታችን ሰርቨር የሚኖረው በሒሳብ መምህራችን ቤት ነው። ሰርቨር ስንል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። የክፍሎቻችን በር ስለማያስተማምን መምህራችን «ከእኔ ጋር ይደር» ብለው ወሰዱት። በውስጡ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ የመማሪያ መጻሕፍት፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ የአማርኛ ውክፔዲያ፣ ያለፉት የዓመት መጽሔቶቻችን ጽሑፎችና የሁላችንም ውጤት ይገኛሉ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ሱዳን ውስጥ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ እኛ ዶካ ሆነን የምናነበው ነገር አላጣንም።

መብራት ግን እንደ መጽሐፍ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲና በመተማ በኩል ገዳሪፍ የሚደርስ ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር በ2006 ዓ.ም. ተመርቋል። ብዙዎቻችን በመጣንበት መንገድ መብራትም ይመጣል ማለት ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ግን መብራት ሲሄድ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

ከሰርቨሩ ሥር ዩፒኤስ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ በውስጡ ባለው ባትሪ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ሣጥን ነው። ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ማብራት አይደለም። ኮምፒውተሩ የጀመረውን ጽፎ ጨርሶ በሥርዓት እስኪዘጋ ድረስ ፋታ መስጠት ነው።

ባለፈው መጋቢት ይህ ሣጥን መብራት እያለም ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። የመምህራችን ባለቤት «ልጆቼ፣ ይኼ ነገር ሕፃኑን አላስተኛ አለው፤ እባካችሁ አንድ በሉት» አሉን። እኛም የኮምፒውተር ክበብ አባላት ነንና ፊት ለፊቱ ያለውን ቁልፍ ተጭነን ጩኸቱን አጠፋነው። ተመሰገንን፤ ሻይም ጠጣን። «ለምን ጮኸ?» ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

በሚያዝያ መጀመሪያ፣ መምህራችን የ7ኛ ክፍልን ውጤት እያስገቡ ሳለ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ለአንድ ሴኮንድ እንኳ አልያዘም። መብራት ሲመለስ ፋይሉ አልከፈት አለ። የነበረው ቅጂ ደግሞ ከመንፈቀ ዓመቱ በፊት የተወሰደ ነው።

ጉዳቱ በማን ላይ እንደወደቀ ወዲያው አወቅን። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ በዚያው ሳምንት ከቤተሰቧ ጋር ወደ ጎንደር ልትመለስ ነበር። ካርዷን ሳትይዝ ከሄደች እዚያ ክፍሉን ልትደግም ትችላለች። መምህራኖቻችን ሦስት ሌሊት በእጅ ባትሪ እያበሩ የፈተና ወረቀትና ደብተር ሰብስበው ውጤቷን እንደገና ጻፉ። የሳይንስ ወረቀቷ ግን ተፈልጎ ጠፋ። ስለዚህ በመጨረሻዋ ቀን ጠዋት፣ እናቷ ዕቃ እየጫኑ ሳለ፣ ፈተናውን ደግማ ተፈተነች። ከ20ው 17 አገኘች። ስንሰናበታት «ፊተኛው 19 ነበር» አለችን። ምን እንበላት?

ለመምህራችን «ጩኸቱን ያጠፋነው እኛ ነን» ብለን የነገርናቸው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ቁጣ ጠብቀን ነበር። እሳቸው ግን ካቻቢቴ አቀበሉንና «እንግዲያው ክፈቱትና ምን ሊነግራችሁ እንደነበር እዩ» አሉን።

ዩፒኤሱን አጥፍተን፣ ስፒናውን ከሶኬት ነቅለን፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቀን ከፈትነው። በውስጡ ባለ 12 ቮልትና ባለ 7 አምፒር-ሰዓት የሆኑ ሁለት የእርሳስ ባትሪዎች ተያይዘው ተቀምጠዋል። የአንዱ ሆድ ተነፍቶ ከቦታው አልወጣ ብሎ ታገለን። በቴስተር ስንለካቸው አንዱ 11.9፣ የተነፋው ደግሞ 8.4 ቮልት አሳየ። ደህና ባትሪ ሲሞላ 12.7 ግድም ማሳየት አለበት።

እንዲህ ያለ ባትሪ በ25 ዲግሪ ሙቀት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል ይባላል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ያህል በጨመረ ቁጥር ግን ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። የዶካን ሚያዝያ የምታውቁ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በዚያ ላይ ዩፒኤሱ ግድግዳ ተጠግቶ፣ አቧራ እንዳይገባው በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ጨርቁን ያለበስነውም እኛው ነን።

ለአዲስ ባትሪ እናቶቻችን እሑድ ቡና አፍልተው፣ እኛም ቆሎ ሸጠን ገንዘብ ሰበሰብን። ሁለታችን ከመምህራችን ጋር አሮጌዎቹን ይዘን ገዳሪፍ ገበያ ወረድን። አንድ ሽማግሌ ነጋዴን «ዓሚ፣ ተማሪዎች ነን» ብለን ለመንናቸው። ዋጋውን ብዙም አልቀነሱልንም። ነገር ግን መጀመሪያ ያወጡትን ባትሪ ራሳቸው ለክተው «ይኼ መደርደሪያ ላይ ብዙ ተቀምጧል» ብለው መለሱትና ሌላ ሰጡን። ሁለቱንም አንድ ዓይነትና አዲስ አድርገን ገዛን፤ አሮጌ ከአዲስ ጋር ከተያያዘ ደካማው ጠንካራውን ይዞት ይወድቃልና። አሮጌዎቹን ነጋዴው ለእርሳሳቸው ሲሉ ተቀበሉን። እርሳስና አሲድ ያለበት ነገር ኾር ውስጥ የሚጣል አይደለም፤ ክረምት ሲገባ በዚያ የሚወርደው ውኃ ሰውም ከብትም ዘንድ ይደርሳል።

ቤት ተመልሰን የአንዱን ባትሪ ቀይ ጫፍ ከሌላው ጥቁር ጫፍ ጋር ስናገናኝ 12ና 12 ተደምሮ 24 ቮልት ሆነ። የመጨረሻውን ሽቦ ስንሰካ ብልጭ ሲል ሁላችንም ወደ ኋላ ዘለልን፤ መምህራችን ብቻ ሳቁ። ሌሊቱን ሲሞላ አድሮ በማግስቱ ስፒናውን ነቅለን ሰዓት ያዝን። በወረቀት 24 በ7 ሲባዛ 168 ዋት-ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተሩ 100 ዋት ያህል ስለሚበላ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይቆያል ብለን ገምተን ነበር። የቆየው 41 ደቂቃ ነው። መምህራችን «ማባዛታችሁ ልክ ነው፤ ባትሪ ግን ቶሎ ሲያወጡበት ያለውን ሁሉ አይሰጥም፤ ከሰጠውም ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል» አሉን። ለእኛ 41 ደቂቃ ይበቃናል።

አሁን ጨርቁ ተነሥቷል፤ ሣጥኑም ከግድግዳው ራቅ ብሏል። በየሳምንቱ ዓርብ ውጤቱን ሁሉ በፍላሽ ገልብጠን ርእሰ መምህሩ ዘንድ እናስቀምጣለን። በየሦስት ወሩ ስፒናውን ነቅለን ስንት ደቂቃ እንደቆየ ደብተር ላይ እንጽፋለን። ያቺ ልጅም በሰኔ መልእክት ልካልናለች፤ ክፍሏን ሳትደግም ተቀብለዋታል። ሰላምታዋን ስትጨርስ «ዩፒኤሱስ ተሠራ?» ብላ ጠይቃናለች።

በአዲሶቹ ባትሪዎች ላይ በማርከር «ሚያዝያ 2017» ብለን ጽፈናል። በዶካ ሙቀት ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በኋላ ያ ሣጥን እንደገና መጮኹ አይቀርም፤ እኛ ግን ያን ጊዜ እዚህ አንኖርም። ዛሬ 5ኛና 6ኛ ክፍል ያላችሁ ታናናሾቻችን፣ ተራው የእናንተ ነው። ጩኸቱን የሚያጠፋው ቁልፍ ፊት ለፊት ነው። ካቻቢቴው ደግሞ በላይኛው መሳቢያ ውስጥ አለ።