ሁለት ኪሎባይት ለማን ይበቃል?

ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ያደገው በካልኩሌተር ቤት ነው። ካልኩሌተር ደግሞ ደምሮና ቀንሶ ውጤቱን ካሳየ ሌላ ጣጣ የለበትም። ከቀደምቶቹ አንዱ፣ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1974 ለገበያ ያቀረበው ቲኤምኤስ 1000፣ ለሥራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ 256 ቢት፣ ማለትም 32 ባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በተለመደው የጽሑፍ ኮድ፣ በዩቲኤፍ 8፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ከአሥር ፊደል በላይ አይዝም፤ ስም ከነአባት ለመጻፍ እንኳ የሚጠበው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሬያ የዲዛይን ተማሪዎች ያለብዙ ችግር እንዲሠሩበት ተብሎ አርዱይኖ የተባለው የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ተፈጠረ። ከአርዱይኖዎቹ ዝናው የናኘው ኡኖ ቦርድ በ2010 ሲወጣ የያዘው 16 ሜጋኸርዝ ፍጥነትና 2 ኪሎባይት ሜሞሪ ነው። መብራት ለማብራት፣ ሙቀት ለመለካት፣ ሞተር ለማዞር ይህ ይተርፋል። ችግሩ ሰው መብራቱን ካበራ በኋላ እዚያ አለመቆሙ ነው፤ ወዲያው ስክሪን ያምረዋል።

ጉልበት ያለው ቺፕ መፈለግ ቅንጦት ነው የሚለውን ለመቀበል የሚቸግረኝ ስሌቱን ሳየው ነው። 320 በ240 ፒክስል ያላት የመዳፍ ስክሪን ሙሉ ምስሏን በ16 ቢት ቀለም ለመያዝ 153,600 ባይት ትፈልጋለች፤ የኡኖን ሜሞሪ 75 እጥፍ መሆኑ ነው። መረጃን መስጥሮ በኢንተርኔት መላክም አይቀልም፤ ቲኤልኤስ በተባለው የምስጠራ ደንብ አንድ ጥቅል እስከ 16 ኪሎባይት ሊደርስ ይችላል። ስክሪኑ አማርኛ ይጻፍበት ካልን ደግሞ 33ቱን ፊደል በሰባት ቤት፣ እያንዳንዱን በ16 በ16 ነጥብ ስናስቀምጥ 7,392 ባይት ይሄዳል፤ ኡኖ ለፕሮግራም ከመደበው 32 ኪሎባይት ሩብ ሊሆን ጥቂት የቀረው። ዲቃላዎቹ ገና አልተጠሩም።

አፖሎን ጨረቃ ላይ ያሳረፈው ኮምፒውተር ተለዋዋጭ ሜሞሪው 4 ኪሎባይት ገደማ አልነበረም ወይ? ነበር። ግን ፕሮግራሙ በመዳብ ሽቦ በእጅ የተሸመነ ነበር፤ ከጀርባውም የአንድ መንግሥት ካዝና ነበረ። በ2021 የወጣው ራስቤሪ ፓይ ፒኮ ቦርድ 264 ኪሎባይት ሜሞሪ ይዞ በ4 ዶላር ሲሸጥ፣ አንድ ባይት ለማትረፍ ቀኑን ሙሉ የሚታገል መሐንዲስ ከቺፑ በላይ ያስወጣል። ሰፊ ሜሞሪ ሰነፍ ፕሮግራመር ያፈራል የሚሉት እውነት አላቸው፤ ስክሪኑንም ከፋፍሎ እየቀቡ መላክ ይቻላል። ታዲያ ምስሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ተመልካቹ ቅቡን ሲያይ ይውላል። በባትሪ እየኖረ በሰዓት አንዴ ነቅቶ እርጥበት ለሚለካ መሣሪያ ግን ትንሿ ቺፕ አሁንም ንጉሥ ናት፤ እዚያ አልከራከርም። አርዱይኖ ራሱ በ2023 ኡኖ አር 4ን በ48 ሜጋኸርዝና በ32 ኪሎባይት አውጥቷል፤ ሜሞሪው 16 እጥፍ አድጓል። የዚያችን የመዳፍ ስክሪን ሙሉ ምስል እሱም አይዝም።