ከአጥሩ ወዲያ

ጥር በገባ ቁጥር አንዲት ሌሊት ትታወሰኛለች።

ዘመኑ 2001 ዓ.ም፣ ቦታው ደብረ ማርቆስ ነው። ጥር በአገራችን የሠርግ ወር ነው፤ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ ዳስ የማይጣልበት ሰፈር የለም። እኔም ታናሽ እኅቴን ልድር የዓባይን በረሃ ተሻግሬ፣ ከአዲስ አበባ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ አገሬ ገባሁ። እናቴ ጌሾውን አስወቅጣ፣ ብቅሉን አስፈጭታ፣ ጠላውን ጠንስሳ ጠበቀችኝ። የእድሩ ድንኳን ተተከለ። የእኔ ድርሻ ሞንታርቦ መከራየት ነበር።

በዋዜማው እናቴ፣ «ለእትዬ ነግረሃል?» አለችኝ።

እትዬ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ልጃቸውን ከቀበሩ ገና ሁለተኛ ወራቸው ነበር።

«ድንኳኑን አይተውት የለ? ምን መንገር ያሻል?» አልኋት።

መልስ አልሰጠችኝም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ «ተነሥ» አለችኝ። ከመደቡ ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ አብራቸው አለቀሰች። ከዚያም ዕንባዋን ጠርጋ፣ «እታለም፣ የምትዳረው ያንቺም ልጅ ናት። አንቺ ካልፈቀድሽ ከበሮ አይመታም» አለቻቸው።

እትዬ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«እሱ ቢኖር ሚዜ ይሆን ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ምቱ። ብቻ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ እሱ ከሥራ ይገባበት በነበረው ሰዓት፣ ጥቂት ጸጥ በሉልኝ።»

በ1873 ዓ.ም የነገሡት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማችንን፣ የያኔዋን መንቆረርን፣ መናገሻቸው አድርገዋት ነበር። በነገሥታት ግብር እንግዳ ይቀመጥ የነበረው በማዕረጉ ነው። የእናቴ ሥርዓት ግን መምጣት ከማይችለው ሰው ይጀምራል። በማግሥቱ እንግዳ ሳይቀመጥ የመጀመሪያው እንጀራና ወጥ ወደ ታመሙት፣ ወደ ቆሎ ተማሪዎች፣ ወደ እትዬ ቤት ሄደ። የሚጾሙት ለብቻቸው ተሰናዳላቸው። አረቄ የጠናበት እንግዳ ብቻውን እንዳይሄድ ሁለት ጎረምሶች ዱላ ይዘው እንዲሸኙ ታዘዙ።

ለእኔ የቀረችኝ አንዲት አደራ ነበረች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጭፈራው ጦፏል። ከአዲስ አበባ የመጡ ጓደኞቼ መሐል ነበርሁ። «ይህ ዘፈን ይለቅ» አልሁ። አለቀ፤ ሌላው ተተካ። ደገኛው የጥር ሌሊት ጥርት ያለ ነው፤ ነፋሱ ከጮቄ ሲወርድ ድምፅ ሩቅ ይዞ ይሄዳል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። የእትዬ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኩራዝ አብርተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከደፉ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ።

ሄጄ ገመዱን ነቀልሁት። ጓደኞቼ መብራት የጠፋ መስሏቸው ጮኹ፤ አምፖሉ ግን ይበራ ነበር።

በጸጥታው ውስጥ የእትዬ በር ሲዘጋ ተሰማኝ።

በነጋታው ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። ሳልናገር ቀደሙኝ፤ «እንግዶቹ በደኅና ገቡ?» አሉኝ። ዐንገቴን ደፍቼ፣ «አዎ፣ ሁሉም ገብተዋል» አልሁ። ያልሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ደግሻለሁ። ሰዓት ግን ለሌላ ሰው አደራ አልሰጥም፤ ራሴ እጠብቃለሁ።