ባለቤት ስለ ሌላት ድመት

በጎባ ከተማ ጎተራችንን ከአይጥ ስትጠብቅ የከረመች ባለቤት የሌላት ድመት እግሯ ተሰብሮ ከአጥራችን ሥር ተገኘች። የሕክምናዋም ዋጋ ለገብስ መግዣ ያስቀመጥነውን ገንዘብ እኩሌታ የሚወስድ ሆነ። ልጆቻችን «ትዳን» ብለው ለመኑን፤ እኛ ግን ርኅራኄ ያለ ጥንቃቄ እንደማይበቃ አሰብን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ከውሾች የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች፥ በዌብ ሸለቆ፥ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷልና፤ ይኸውም በሽታ በድመት ንክሻ ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ ልጆቹ እንዳይነኳት ከልክለን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለን ወሰድናት፤ ደመወዝ ሳትጠይቅ አገልግላናለችና ዋጋውን ከፈልን፤ ገብሱንም በእኩሌታ ገዛን። በደጁ የቆሰለ እንስሳ ያገኘ ሁሉ አስቀድሞ ለቤተ ሰቡ ጤና ይጠንቀቅ፤ የተነከሰም ቢኖር ቁስሉን በውሃና በሳሙና አጥቦ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ከዚያም በኋላ እንደ አቅሙ ይርዳ።